የቤርሼቫ ፈረሰኞች አዛዥ፦ ጄኔራል ሃሪ ሾቬልና ባለ ላባው ባርኔጣ

ቤርሼቫን የማያውቅ በመካከላችን የለም ማለት ይቻላል። ብዙ ቤተሰቦቻችን ይኖሩባታል፤ የማንኖርባትም ብንሆን ለሠርግ፣ ለለቅሶ ወይም በሶሮካ ሆስፒታል የተኛ ዘመድ ለመጠየቅ ሄደንባታል። በዚች ከተማ ውስጥ ነጫጭ የመቃብር ድንጋዮች በረድፍ የቆሙበት ጸጥ ያለ ግቢ አለ። ብዙ ጊዜ በአጠገቡ እናልፋለን እንጂ ገብተን ስሞቹን አናነብም። በዚያ ያረፉት በአንደኛው የዓለም ጦርነት የወደቁ ከአንድ ሺህ በላይ ወታደሮች ናቸው። ከመካከላቸው ከዓለም ዳርቻ፣ ከአውስትራሊያ፣ በመርከብ ፈረስ ጭነው የመጡ ወጣቶች ይገኙበታል።

እነዚህ ፈረሰኞች በፎቶግራፍ ሲታዩ ወዲያውኑ የሚለዩበት ነገር አላቸው፤ ሰፊ ባርኔጣና በባርኔጣው ላይ የተሰካ ላባ። በዛሬው ጽሑፋችን የእነዚህን ፈረሰኞች አዛዥ የጄኔራል ሃሪ ሾቬልን ሕይወት ባጭሩ እናቀርባለን። ላባው ከየት እንደመጣም እግረ መንገዳችንን እናያለን። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተሰጡ መሆናቸውን ከወዲሁ እናስታውሳለን።

የከብት አርቢው ልጅ

ሄንሪ ጆርጅ ሾቬል፣ በቤት ስማቸው ሃሪ፣ ኤፕሪል 16 ቀን 1865 በአውስትራሊያ በኒው ሳውዝ ዌልስ ግዛት ታቡላም በሚባል ሥፍራ ተወለዱ። የአባቶቻቸው ዘር ከፈረንሳይ ነው። ፕሮቴስታንት በመሆናቸው የተነሳ አገራቸውን ጥለው ወደ እንግሊዝ ከተሰደዱት ወገኖች የሚወለዱ ናቸው። ቤተሰቡ በአውስትራሊያ ሰፊ የከብት እርባታ ነበረው። ሕፃኑ ሃሪም እንደ ማንኛውም የዚያ አካባቢ ልጅ በእግሩ ከመሄድ ይልቅ በፈረስ ላይ መዋልን ለመደ።

የወጣትነት ምኞታቸው በእንግሊዝ የጦር ትምህርት ቤት ገብቶ መኮንን መሆን ነበር። ነገር ግን ድርቅ መጣና የቤተሰቡን ሀብት ጎዳው፤ ምኞቱም ቀረ። አባታቸው በአካባቢያቸው የበጎ ፈቃድ ፈረሰኛ ጦር ባቋቋሙ ጊዜ ልጃቸው በ1886 በዚያው ጦር ውስጥ ምክትል መቶ አለቃ ሆኑ። ይህ ጦር ደመወዝተኛ ጦር አልነበረም። ገበሬውና ከብት አርቢው ሥራውን ሲጨርስ የራሱን ፈረስ እየጫነ የሚሰለጥንበት ማኅበር ነበር ቢባል ይቀላል።

ሃሪ ሾቬል በቁመታቸው አጭር፣ በሰውነታቸው ቀጭን፣ በንግግራቸው ዝግ ያሉ ሰው ነበሩ። ጦርነት ላይ ስማቸው ከሚነሳ ብዙ አዛዦች በተለየ የሚጮኹ፣ የሚፎክሩ አልነበሩም። ይህ ጠባያቸው እንደ ድክመት የተቆጠረባቸው ጊዜ አለ። እኛ ግን የሕይወት ታሪካቸውን ስናጠና ዋናው ኃይላቸው እዚያ ላይ እንደነበረ ተረድተናል።

ላባው ከየት መጣ?

የሾቬል ቤተሰብ በ1888 ወደ ኩዊንስላንድ ግዛት ተዛወረ። ከሁለት ዓመት በኋላ ወጣቱ መኮንን በኩዊንስላንድ ፈረሰኛ እግረኛ ጦር ውስጥ ገቡ። በ1891 በዚያ ግዛት ትልቅ የሥራ ማቆም አድማ ተነሳ። አድማውን የመቱት በግ ሸላቾች ነበሩ። በዚያን ጊዜ የአውስትራሊያ ሀብት በበግ ጸጉር ላይ የቆመ ስለነበር ነገሩ ከባድ ሆነ፤ መንግሥትም ፈረሰኞቹን ጸጥታ እንዲያስከብሩ ላካቸው። ሾቬልም ከተላኩት አንዱ ነበሩ።

ላባው የተገኘው በዚህ አድማ ጊዜ እንደሆነ ይነገራል። ኢሙ የሚባል፣ ሰጎን የሚመስል፣ የማይበር ትልቅ ወፍ በአውስትራሊያ ሜዳ ላይ ይገኛል። በሩጫ እጅግ ፈጣን ነው። ከኩዊንስላንድ ፈረሰኞች አንዱ ጓድ ሥራ ሲፈታ ኢሙ በፈረስ እያሳደደ ይይዝ ጀመር፤ ያሸነፈውም ጋላቢ ላባውን ነቅሎ ባርኔጣው ላይ ይሰካ ነበር። በፈረስ ጉልቢያ ጎበዝ መሆኑን ማሳያ ነው። በኋላ ሌላውም ጓድ ያንኑ አደረገ፤ ቀስ በቀስም ላባው የኩዊንስላንድ ፈረሰኛ ምልክት ሆነ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንል አናልፍም። ዛሬ የጀግንነት ምልክት ሆኖ የሚከበረው ላባ የተጀመረው የአገሩ ልጅ በአገሩ ልጅ ላይ በተላከበት ጊዜ ነው። የመጀመሪያዎቹ ባለ ላባዎች ፊት ለፊት የቆመው ጠላት ሳይሆን ደመወዙ አነሰኝ ያለ ድሃ ሠራተኛ ነበር። ምልክት ክብሩን የሚያገኘው ከጅማሬው ብቻ ሳይሆን የተሸከሙት ሰዎች በኋላ ከሠሩት ሥራም ጭምር ነው።

ፈረሰኛ ነው ወይስ እግረኛ?

ሾቬል በ1899 ከኩዊንስላንድ ፈረሰኞች ጋር ወደ ደቡብ አፍሪካ ዘመቱ። በዚያ እንግሊዞች ቦር ከሚባሉት የሆላንድ ዘር ገበሬዎች ጋር ይዋጉ ነበር። ቦሮቹ በፈረስ በፍጥነት ደርሰው ከፈረስ ወርደው በጠመንጃ ይተኩሱና መልሰው ይሰወሩ ነበር። ጎራዴ መዝዞ በሰልፍ የሚጋልበው የድሮው ፈረሰኛ በጠመንጃ ፊት የማያዛልቅ መሆኑ በዚያ ጦርነት ታየ።

በ1901 የአውስትራሊያ ግዛቶች አንድ አገር ከሆኑ በኋላ በየግዛቱ የነበሩት ፈረሰኞች ተሰባስበው ቀላል ፈረሰኛ የሚል ስም ተሰጣቸው። ቀላል የተባለው ሥራው ቀላል ስለሆነ አይደለም። ከባድ መሣሪያና ጥሩር ያልጫነ፣ በፍጥነት የሚንቀሳቀስ ለማለት ነው። አንድ ሬጅመንት ወደ 500 የሚጠጉ ሰዎች ነበሩት። ሰዎቹ አራት አራት ሆነው ይመደባሉ። አራቱ አብረው ይጋልባሉ፣ አብረው ይበላሉ፣ አብረው ያድራሉ። ውጊያ ሲጀመር ሦስቱ ከፈረስ ወርደው ይተኩሳሉ፤ አራተኛው አራቱንም ፈረሶች ይዞ ከጥይት ወደ ተከለለ ቦታ ይሸሻል። ስለዚህ 500 ሰው ያለው ሬጅመንት ምሽግ ሲይዝ ሩብ የሚሆነው ኃይሉ ከተኩሱ ውጭ ነው ማለት ነው። ይህን የማያውቅ አዛዥ ሰው ያስጨርሳል።

ልብሳቸውም ለዚሁ ሥራ የተበጀ ነበር። ኮቱ ባለ አራት ኪስ ካኪ ነው። ሱሪው ከጭኑ ሰፋ ብሎ ከጉልበት በታች ይጠብቃል፤ ከዚያ በታች የቆዳ ገምባሌ ይታሰራል። ከትከሻ ወደ ወገብ የጥይት ዝናር ይወርዳል። ጠመንጃው ከጀርባ ይነገታል፤ ሳንጃው በወገብ ይንጠለጠላል። በፈረሱ አንገት ላይ ደግሞ ሌላ ዝናር አለ። ኮዳ፣ ብርድ ልብስ፣ የመኖ ከረጢትና የሰውየው ስንቅ ሲጨመርበት ፈረሱ ከነጋላቢው ከ120 ኪሎ በላይ ይሸከም ነበር። ባርኔጣው ከጥንቸል ጸጉር የተሠራ ሲሆን የግራው ክንፍ ወደ ላይ ታጥፎ ጸሐይ ስትወጣ የሚመስል የነሐስ ዓርማ ይሰካበታል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የኩዊንስላንዶቹ ላባ ወደ አብዛኞቹ የአውስትራሊያ ሬጅመንቶች ተዛመተ። ይሁን እንጂ በላባ ፋንታ የዋላቢ፣ ማለትም የትንሽ ካንጋሮ፣ ቆዳ በባርኔጣቸው ዙሪያ ማሰርን የመረጡ ሬጅመንቶችም ነበሩ። ወታደሮቹ ስለ ላባው የማያውቅ ሰው ሲጠይቃቸው የካንጋሮ ላባ ነው እያሉ ይቀልዱ እንደነበር ይነገራል።

ግብፅን ያስመረጡ ሰው

በ1914 ጦርነቱ ሲነሳ ሾቬል የአውስትራሊያ ጦር ተወካይ ሆነው ወደ ለንደን በመጓዝ ላይ ነበሩ። የአንደኛው ቀላል ፈረሰኛ ብርጌድ አዛዥ ተደርገው ተሾሙ። ለንደን እንደደረሱ የአውስትራሊያ ጦር ይሰለጥንበታል የተባለውን የእንግሊዝ ሜዳ ሄደው አዩ። ክረምቱ እየቀረበ ነው፤ ሰፈሩ ግን ገና አላለቀም። ወታደሩ በብርድና በጭቃ ይታመማል ብለው ስለሰጉ ወታደሩ ወደ ግብፅ እንዲወርድ የአውስትራሊያን ተወካይ አሳሰቡ። ሐሳባቸውም ተቀባይነት አገኘ። አውስትራሊያውያን በዚህ በእኛ አካባቢ የተገኙት በዚህ ምክንያት ነው። አንድ ጥንቁቅ ሰው ስለ ወታደሮቹ ጤና ማሰቡ የኋላውን ታሪክ ሁሉ አስከተለ።

በሜይ 1915 ፈረሰኞቹ ፈረሶቻቸውን በግብፅ ትተው በእግራቸው ወደ ቱርክ ጋሊፖሊ ዘመቱ። ሾቬል የያዙት ግንባር የሞናሽ ሸለቆ ይባላል። ስሙ የተሰጠው በዚያው ጦር ውስጥ ብርጌድ ይመሩ በነበሩት በአይሁዳዊው አውስትራሊያዊ በጆን ሞናሽ ነው። በዚህች አገር ክፋር ሞናሽ የሚባለው ሞሻቭ የተሰየመው በእኒሁ ሰው ስም መሆኑን ብዙዎቻችሁ ታውቁ ይሆናል።

በኦገስት 7 ቀን 1915 ፈረሰኞቹ በየአቅጣጫው ምሽግ እንዲሰብሩ ታዘዙ። ከሾቬል ብርጌድ ሁለተኛው ሬጅመንት መጀመሪያ 50 ሰዎችን ላከ፤ ከአንዱ በቀር ሁሉም በጥይት ተመቱ። የሬጅመንቱ መሪ ይህን አይተው የሚቀጥለውን ረድፍ ከምሽጉ እንዳይወጣ አገዱት። በዚያው ጠዋት በሌላ ብርጌድ ግን ማንም ያገደ ስላልነበረ ረድፍ በረድፍ እየወጣ አለቀ። ሾቬል የዚያን ቀን ያዩትን የረሱት አይመስለንም። ከዚያ በኋላ በሠሩት ሥራ ሁሉ መቼ መቆም እንዳለበት የሚያውቅ አዛዥ እንሆን ዘንድ የጣሩ ይመስላል።

ውኃ ያለበት ድል ያደርጋል

ከጋሊፖሊ መልስ ሾቬል ወደ ፈረንሳይ ግንባር ከሚሄደው እግረኛ ጦር ጋር መሄድ ይችሉ ነበር። እሳቸው ግን ከፈረሰኞቹ ጋር መቅረትን መረጡ። በማርች 1916 የአውስትራሊያንና የኒውዚላንድን ፈረሰኞች ያጣመረው የአንዛክ ፈረሰኛ ክፍለ ጦር አዛዥ ሆኑ።

በሲና በረሃ ጦርነት ማለት የውኃ ጦርነት ነው። ፈረስ በቀን ብዙ ውኃ ይፈልጋል፤ ሙቀቱ ደግሞ ሰውንም ይጥላል። በኦገስት 1916 የቱርክ ጦር በጀርመን መኮንኖች እየታገዘ ወደ ስዊዝ ካናል ሲገሰግስ ሾቬል ሮማኒ በሚባል ቦታ ጠበቁት። ፈረሰኞቻቸውን በአንድ ቦታ ተክለው አላስጨረሱም። በሌሊት እየተኮሱ ቀስ በቀስ ወደ ኋላ እንዲያፈገፍጉ አደረጉ፤ ጠላታቸውም ተከትሏቸው ወደ አሸዋ ክምር ውስጥ ገባ። ሲነጋ ጸሐይ ወጣች፣ ጥሙ ጠና፤ አጥቂው ጦር ደከመ። ከዚያ በኋላ ነው መልሶ ማጥቃት የመጣው። ወደ 4,000 የሚጠጉ ምርኮኞች ተያዙ።

በዚያው ዓመት ዲሴምበር 23 ቀን በማግዳባ የሆነው ግን ለሾቬል ሌላ ዓይነት ትምህርት ነበር። ፈረሰኞቹ ሌሊቱን ሲጓዙ አድረው ምሽጉን ከበቡ። እስከ ከሰዓት በኋላ ቢዋጉም አልተሰበረም። ውኃ በአካባቢው አልተገኘም፤ ፈረሶቹም ተጠምተዋል። ሾቬል ማፈግፈግ እንዲጀመር ትእዛዝ ላኩ። ትእዛዙ የአንደኛው ብርጌድ አዛዥ ለነበሩት ለብርጋዴር ጄኔራል ኮክስ ደረሰ። ኮክስ ግን ሰዎቻቸው ምሽጉን ሊሰብሩ ጥቂት እንደቀራቸው ስላዩ መልእክተኛውን ወረቀቱን ትንሽ ቆይቶ እንዲያመጣው ነግረው መለሱት። ምሽጉም ተሰበረ፤ ከመሸም በፊት ማግዳባ ተያዘች። ከ1,200 በላይ ምርኮኛ ተገኘ።

ሾቬል ኮክስን በትእዛዝ ጥሰት መቅጣት ይችሉ ነበር። ነገር ግን ያ ቀን አንድ ነገር ያሳያቸው ይመስለናል፤ ወደ ኋላ ለመመለስ ምክንያቱ ሁሉ ትክክል ሆኖ ሳለ ግማሽ ሰዓት ብቻ መጽናት ድል የሚሆንበት ጊዜ አለ። በማርች 26 ቀን 1917 ደግሞ የዚህን ተቃራኒ አዩ። ፈረሰኞቻቸው በሰሜን በኩል ወደ ጋዛ መንደሮች ገብተው ሳለ ሊመሽ ሲል ከበላይ አዛዦች ተመለሱ የሚል ትእዛዝ መጣ። ከተማዋ ተለቀቀች፤ እንደገና ለመያዝም ብዙ ደም ፈሰሰ።

ቤርሼቫ፣ ኦክቶበር 31 ቀን 1917

በ1917 አጋማሽ ጄኔራል አለንቢ የእንግሊዝ ጦር አዛዥ ሆነው ከመጡ በኋላ ሾቬል የበረሃው ፈረሰኛ ኮር አዛዥ ተደረጉ። ሦስት ፈረሰኛ ክፍለ ጦሮች በሥራቸው ነበሩ። ከአውስትራሊያውያን መካከል ኮር ለመምራትና የሌተና ጄኔራልነት ማዕረግ ለማግኘት እሳቸው የመጀመሪያው ናቸው።

እቅዱ ቱርኮችን ጥቃቱ በጋዛ በኩል እንደሚመጣ አስመስሎ ማታለልና በምሥራቅ በኩል ቤርሼቫን መያዝ ነበር። ቤርሼቫ የተፈለገችው በጉድጓዶቿ ምክንያት ነው። አባታችን አብርሃም ጉድጓድ የቆፈረባት አገር በሦስት ሺህ ዘመንም ቢሆን ዋጋዋ ያው ውኃዋ ነበር። ከተማዋን የሚከላከለውን የቱርክ ጦር የሚመሩት ኮሎኔል ኢስሜት ይባሉ ነበር። እኒህ ሰው በኋላ ኢስሜት ኢኖኑ ተብለው የቱርክ ሁለተኛው ፕሬዚዳንት ሆነዋል።

ፈረሰኞቹ በሃሉጻና በአስሉጅ በኩል ዞረው ሌሊቱን በሙሉ ተጓዙ። ጠዋት ላይ የእንግሊዝ እግረኛ ጦር ከምዕራብና ከደቡብ ምዕራብ ማጥቃት ጀመረ። በምሥራቅ በኩል የአንዛክ ፈረሰኞች ዛሬ ቴል ቤርሼቫ የምንለውን ኮረብታ ለመያዝ ከፈረስ ወርደው ለሰዓታት ተዋጉ። ኮረብታው የተያዘው 15:00 ሰዓት ገደማ ነው። ጸሐይ የምትጠልቀው ደግሞ ከ17:00 በፊት ነው። ከተማዋ ገና አልተያዘችም። ከፈረሶቹ አንዳንዶቹ ከ30 ሰዓት በላይ ውኃ አልቀመሱም። ካልተያዘች እስከ ሌላ ውኃ ያለው መንገድ የሌሊት ጉዞ ነው፤ እቅዱም ሁሉ ይፈርሳል። ከቆዩም ቱርኮቹ ጉድጓዶቹን በፈንጂ ያፈርሷቸዋል።

በሾቬል እጅ ሁለት ብርጌዶች ቀርተዋል። አንደኛው ጎራዴ የታጠቀ የእንግሊዝ ፈረሰኛ ነው። ሁለተኛው የብርጋዴር ጄኔራል ዊልያም ግራንት አራተኛው የአውስትራሊያ ብርጌድ ነው። ይህ ጎራዴ የለውም። በሕጉ መሠረት ከፈረስ ወርዶ መዋጋት አለበት፤ ለዚያ ግን ጊዜ አልነበረም። ሾቬል ለጥቂት ጊዜ ካሰቡ በኋላ ለግሥጋሴው ቀረብ ያለውን የግራንትን ብርጌድ መረጡ። በቀጥታ እንዲጋልብም አዘዙ። በማግዳባ ሊመለሱ የነበሩት ሰው በቤርሼቫ አልተመለሱም።

በ16:30 ገደማ የአራተኛውና የአሥራ ሁለተኛው ሬጅመንት ሰዎች፣ ወደ 800 የሚሆኑ፣ በሦስት ረድፍ ተሰለፉ። ጎራዴ ስለሌላቸው ረጅሙን ሳንጃ እንደ ጎራዴ በእጃቸው ያዙ። መንገዱ ስድስት ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መጀመሪያ በዱብ ዱብ፣ ቀጥሎ በሶምሶማ፣ በመጨረሻም በሙሉ ግልቢያ ሄዱ። የቱርክ ወታደሮች እንደልማዱ ከፈረስ ይወርዳሉ ብለው ጠበቁ። አልወረዱም። መድፉና ጠመንጃው ለሩቅ ተስተካክሎ ስለነበር ፈረሶቹ ሲቀርቡ ብዙው ጥይት ከራሳቸው በላይ አለፈ። የተጠሙት ፈረሶች ምሽጉን ዘለሉ። ግማሾቹ ጋላቢዎች ወርደው በምሽጉ ውስጥ በሳንጃ ተዋጉ፤ ግማሾቹ በቀጥታ ወደ ከተማዋ ገቡ። ጨለማው ሳይበረታ ቤርሼቫ ተያዘች። ከጉድጓዶቹ አብዛኞቹ ከፍንዳታ ተርፈው ተገኙ።

በዚያ ግልቢያ 31 ጋላቢዎች ሞቱ፤ 36 ቆሰሉ። ቢያንስ 70 ፈረሶች አለቁ። ብርጌዱ ከ700 በላይ ምርኮኛ ያዘ። ይሁን እንጂ በዕለቱ የከፈለው ፈረሰኛው ብቻ አልነበረም። በምዕራብ በኩል የተዋጋው የእንግሊዝ እግረኛ ጦር ከ1,000 በላይ ሰዎች ሞተውበትና ቆስለውበት ነበር። ኮረብታውን በእግራቸው የያዙት የአንዛክ ሰዎችም ባይኖሩ ኖሮ ግልቢያው አይሞከርም ነበር። ብዙ ሰው ይህን ውጊያ የዓለም የመጨረሻው የፈረሰኛ ግልቢያ ነው ይላል። ይህም ትክክል አይደለም። በ1918 የሕንድ ፈረሰኞች ሃይፋን የያዙት በፈረስ እየጋለቡ ነበር።

በዚያው በኦክቶበር 31 ቀን በለንደን የእንግሊዝ የጦርነት ካቢኔ የባልፎርን መግለጫ አጸደቀ፤ ደብዳቤው የተጻፈው ኖቬምበር 2 ቀን ነው። ሁለቱ ነገሮች በአንድ ቀን መዋላቸው አጋጣሚ ቢሆንም በዚህች አገር ታሪክ ውስጥ ጎን ለጎን ይነሳሉ። ከአንድ ሳምንት በኋላ ጋዛ ተያዘች፤ በዲሴምበር ኢየሩሳሌም እጅ ሰጠች።

እስከ ደማስቆ

የ1918 ዓመት በሽንፈት ተጀመረ። ከዮርዳኖስ ማዶ ወደ አማንና ወደ ሳልት የተደረጉት ሁለት ዘመቻዎች አልተሳኩም። በሁለተኛው ዘመቻ የሾቬል ጦር ሊከበብ ጥቂት ቀርቶት በብዙ ችግር ወጣ። በበጋው ደግሞ በዮርዳኖስ ሸለቆ ሙቀትና ወባ ወታደሩን ፈጀው። ከአይሁዳውያን በጎ ፈቃደኞች የተቋቋሙት የእንግሊዝ ጦር ሻለቆችም በዚያው ሸለቆ ከአንዛክ ፈረሰኞች ጎን ተሰልፈው ነበር።

ከቤርሼቫ በኋላ የአውስትራሊያ ፈረሰኛ ክፍለ ጦር ጎራዴ እንዲሰጠው ተደረገ። በሴፕቴምበር 19 ቀን 1918 ግንባሩ ሲሰበር የሾቬል ፈረሰኞች በመጊዶ መተላለፊያና በይዝራኤል ሸለቆ አልፈው ከኋላ በኩል መንገዱን ሁሉ ዘጉ። በናዝሬት የነበሩት የጀርመን ጠቅላይ አዛዥ ለጥቂት አመለጡ። በሴፕቴምበር 25 ከጸሐይ መውጫ በፊት የአሥራ አንደኛው ሬጅመንት በኪነሬት ዳር በሚገኘው በጽማሕ የባቡር ጣቢያ ላይ ጎራዴ መዝዞ ጋለበ። በኦክቶበር 1 ቀን ፈረሰኞቹ ደማስቆ ገቡ። በወሩ መጨረሻ የቱርክ መንግሥት የተኩስ አቁም ስምምነት ፈረመ።

ይህ የአሥራ አንደኛው ሬጅመንት ለእኛ ለአንባቢዎቹ ልዩ ትርጉም ያለው ይመስለናል። በውስጡ የአውስትራሊያ ቀደምት ነዋሪዎች የሆኑ አቦርጂናል ወታደሮች ያገለግሉ ነበር። በጦርነቱ መጀመሪያ የአውሮፓ ዘር የሌለው ሰው እንዳይመዘገብ ሕጉ ይከለክል ነበር። ሰው ሲጠፋ ሕጉ ላላ አለ። እነሱም እንደሌላው ላባ ሰክተው ዘመቱ። ወደ አገራቸው ሲመለሱ ግን ለዘማቾች ከተሰጠው መሬት አብዛኞቹ አልደረሳቸውም፤ በሕዝብ ቆጠራ ከሌላው ሰው እኩል እንዲቆጠሩ የተወሰነው እንኳ በ1967 ነው። በ2019 በጽማሕ የድሮው ባቡር ጣቢያ አንድ አቦርጂናል ፈረሰኛን ከፈረሱ ጋር የሚያሳይ ሐውልት ቆሟል። አንድ ዓይነት ልብስ ለብሶ መዋጋትና አንድ ዓይነት መብት ማግኘት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ያ ሐውልት ያስታውሳል።

ከድሉ በኋላ

የአንዛክ ፈረሰኞች ታሪክ ሁሉ ንጹሕ ነው ብለን ብንጽፍ እውነቱን መደበቅ ይሆንብናል። ጦርነቱ አልቆ በዲሴምበር 1918 አንድ የኒውዚላንድ ወታደር በሌባ ተገደለ። በማግስቱ ሌሊት ከክፍለ ጦሩ የተሰባሰቡ ወታደሮች ከሪሾን ለጽዮን አካባቢ የምትገኘውን ሱራፌንድ የምትባል የአረቦች መንደር ከበው በአሥሮች የሚቆጠሩ ወንዶችን ገደሉ፤ ቤቶችንም አቃጠሉ። ጄኔራል አለንቢ በጣም ተቆጡ። በግድያው ግን ለፍርድ የቀረበ ወታደር አልነበረም።

ሌላው ኀዘን የፈረሶቹ ነው። አውስትራሊያ በጦርነቱ ከ120,000 በላይ ፈረሶች ወደ ውጭ ልካለች። በማጓጓዣ ዋጋና በበሽታ ፍራቻ ምክንያት እንዳይመለሱ ተወሰነ። ያረጁትና የታመሙት ተገደሉ፤ የቀሩት ለእንግሊዝና ለሕንድ ጦር ተላለፉ። ወደ አገሩ የተመለሰው አንድ ፈረስ ብቻ ነው። አባቶቻችን በኢትዮጵያ የጦር አዛዥን በፈረሱ ስም ይጠሩ እንደነበር የምናስታውስ ሰዎች የዚህ መለያየት ክብደት ይገባናል። በበረሃ ራሱ ተጠምቶ ኮዳውን ለፈረሱ ያካፈለ ወታደር ባዶ ኮርቻ ይዞ ተመለሰ።

ሾቬል በ1919 ወደ አውስትራሊያ ተመለሱ። እስከ 1930 ድረስ የጦሩ ዋና መርማሪ፣ ከ1923 ጀምሮም በተጨማሪ የኤታ ማዦር ሹም ሆነው አገለገሉ። ሥራቸው አስደሳች አልነበረም። መንግሥት ጦሩን ይቀንስ ነበር፤ እሳቸውም አገሪቱ ራሷን ለመከላከል አትችልም እያሉ በየዓመቱ በሪፖርታቸው ያስጠነቅቁ ነበር። የሚሰማቸው ጥቂት ነበር። በኖቬምበር 11 ቀን 1929 እሳቸውና ጆን ሞናሽ በአንድ ቀን የሙሉ ጄኔራልነት ማዕረግ ተሰጣቸው። ከአውስትራሊያውያን ይህን ማዕረግ ያገኙት የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ናቸው። በጋሊፖሊ ሸለቆ የተገናኙት የስደተኛ ፕሮቴስታንቶች ልጅና የአይሁድ ስደተኞች ልጅ እኩል ከፍ አሉ።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲነሳ ሾቬል 74 ዓመታቸው ነበር። ያም ሆኖ የአገር ውስጥ የበጎ ፈቃድ ጦር ዋና መርማሪ ሆነው ከቦታ ቦታ እየተዘዋወሩ ሠሩ። ሕይወታቸውን የጀመሩትም በበጎ ፈቃድ ጦር ነበር፤ የጨረሱትም በዚያው። ማርች 4 ቀን 1945 በሜልበርን ከተማ በ79 ዓመታቸው አረፉ። የወንድማቸው ልጅ ቻርልስ ሾቬል በ1940 ስለ እነዚሁ ፈረሰኞች ፊልም ሠርቷል። ልጃቸው ኢሊን ሚቸል ደግሞ ስለ ፈረሶች በጻፈቻቸው የልጆች መጻሕፍት ታዋቂ ሆናለች።

ውድ አንባቢያን፣ ሰው ሃሪ ሾቬልን የሚያስታውሰው በአንድ ሰዓት ድፍረት ነው። እኛ ግን የምናደንቃቸው ከዚያ ሰዓት በፊት ባሉት ዓመታት ነው። ወታደሩ በጭቃ እንዳይታመም ያሰቡ፣ በሮማኒ ወደ ኋላ ማለትን ያላፈሩበት፣ በማግዳባ ስህተታቸውን በጸጥታ የተቀበሉ ሰው ስለነበሩ ነው በቤርሼቫ ጋልቡ ለማለት የቻሉት። ሁልጊዜ የሚያጠቃ አዛዥ ደፋር ሊባል ይችላል፤ ልጅን በአደራ ለመስጠት ግን የሚመረጠው የሚቆጥረው ነው። ልጆቻችንን ወደ ጻሃል የምንልክ ወላጆች ይህን እናውቃለን።

ወደ ቤርሼቫ ስትሄዱ በዚያ ግቢ ውስጥ ጥቂት ደቂቃ ቆሙ። በ2008 በተከፈተው የአውስትራሊያ ወታደር መናፈሻ ደግሞ ምሽግ ሲዘል የሚታይ ፈረስና ጋላቢ ሐውልት አለ። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱና አሳዩአቸው። ስለ ላባው ከጠየቋችሁም የካንጋሮ ነው ብላችሁ አታታልሏቸው።